የሮማናት ብርድና የቤት ልብስ

ስለ አገራችን ብርድ የሚናገሩ ሰዎች አብዝተው የሚጠሩት ማንዝን፥ ደብረ ብርሃንን፥ ስሜንን፥ ጉናን ነው። መቀሌን የሚጠራ ጥቂት ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ከአንድ ባልንጀራችን ጋራ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ መቀሌ ለመሄድ ጓዛችንን ባሰናዳን ጊዜ፥ «የምንሄደው ወደ ፀሓይ አገር ነው» ብለን ጋቢያችንን ከሣጥን ሳናወጣ፥ ካፖርታችንንም ከመስቀያው ላይ ሳናነሣ ወጣን። ስሕተታችን ምን ያህል እንደ ነበረ የተረዳነው በመጀመሪያይቱ ምሽት በሮማናት ነው። በዚያች ሌሊት የደረሰብን ነገር ቀላል ስላልነበረ፥ ከዚያም በኋላ ከአስተናጋጃችን ከአንዲት ባልቴት የተማርነው ለየቤተ ሰቡ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንጽፍላቸው ዘንድ ወደድን።

ሮማናት በመቀሌ ከተማ መካከል የሚገኝ አደባባይና በዙሪያውም ያለው ሰፈር ነው። ስሙን በግዕዝ አነባበብ ብናየው፥ ሮማን የሚባለው ፍሬ በብዙ ቊጥር የተጠራ ይመስላል። በቀን በስድስት ሰዓት ላይ በአደባባዩ የቆመ ሰው ስለ ብርድ ቢነግሩት አያምንም፤ ፀሓዩ ከድንጋዩ ግንብና ከአስፋልቱ ላይ እየተመለሰ ዓይንን ይወጋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ጥላ ጥላውን ይሄዳሉ፤ የባጃጅ ነጂዎችም እጅጌያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ነገር ግን ወደ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ፀሓይ ስትጠልቅ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ከሜዳው በኩል ደረቅ ነፋስ ይነሣል፤ ቀን ነጠላ የነበረው ሁሉ ጋቢ ይሆናል፤ በጀበና ቡና ሻጮች ዘንድ የተቀመጡት ሰዎች ከዓይናቸው በቀር አይታዩም። እኛ በስስ ኮት ሆነን በመካከላቸው ስንቆም፥ አንድ ሽማግሌ ባልንጀራችንን አየት አድርገው «እንግዶች ናችሁ መሰለኝ» አሉን። እንግድነታችንን ያወቁት ከአነጋገራችን ሳይሆን ከልብሳችን ነው።

የዚህን ብርድ ምክንያት መርምሮ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፥ አየሩም ደረቅ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ፈጥና ትመልሳለች። ስለዚህ ቀን ፀሓይ ያቃጠለው ስፍራ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። በዚህ ላይ ነፋሱ ይጨመራል። የነፋሱን ኃይል ለሚጠራጠር ሰው ከመቀሌ በስተደቡብ በአሸጎዳ የቆሙትን የነፋስ መዘውሮች ማሳየት ይበቃል፤ ቊጥራቸው 84 ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ተመርቀው ሥራ ሲጀምሩ 120 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጡ ተብለው የተተከሉ ናቸው። ይህን ያህል መዘውር የሚያዞር ነፋስ የአንድን ሰው ስስ ኮት አልፎ ቢገባ አያስደንቅም።

ያረፍንበት ቤት ከአደባባዩ ብዙ የማይርቅ፥ ሁለት ዓይነት አሠራር ያለው ግቢ ነበረ። አሮጌው ቤት በወፍራም ድንጋይ የተገነባ፥ በውስጡም ከግንቡ ጋራ ተያይዞ የተሠራ መደብ ያለበት ነው። በትግራይ ሕድሞ የሚባለው የጥንቱ ቤት እንደዚህ ከድንጋይ ተሠርቶ ጣራው በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ነው፤ ወፍራሙ ግንብና የአፈሩ ጣራ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብለው ተቀብለው ሌሊቱን ቀስ ብለው ይመልሱታል። አዲሱ ክፍል ግን በብሎኬት ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ለእንግዳ ክብር ተብሎ ለእኛ የተሰጠን አዲሱ ክፍል ነበረ። ቆርቆሮ ፀሓይ ሲወጣ ይግላል፤ ፀሓይ ሲገባም ወዲያው ይበርዳል። እኛም ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ላይ ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ጀመረ።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። የቤቱ ሠራተኛ ቡና ያፈላችበትን የከሰል ምድጃ «ወደ ክፍላችን አግቢልን» አልናት። ልጅቱ አመነታች፤ እኛ ግን «ከሰሉ በደንብ ቀልቷል፤ ጢስ የለውም፤ አይጎዳም» ብለን እንደ ዐዋቂ ተናግረን አስገባነው። ነፋሱ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋን፤ ከበሩም ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ደፈንነው። ክፍሉ ሞቀ፤ እኛም ደስ ብሎን ተኛን። ከስንት ሰዓት በኋላ እንደ ሆነ አናውቅም፥ በሩ በኃይል ሲንኳኳ ሰማን፤ መልስ ለመስጠት አፋችን ከበደን፤ ራሳችን በሁለት በኩል እንደ ተቀጠቀጠ ያህል ይመታ ነበር። ባልንጀራችን ሊነሣ ሞክሮ ጕልበቱ ከዳው። በሩን ከፍተው የገቡት የቤቱ እመቤት ነበሩ፤ ልጅቱ ስለ ከሰሉ በነገረቻቸው ጊዜ ከመኝታቸው ተነሥተው መምጣታቸው ነው። ምድጃውን በገዛ እጃቸው አንሥተው ወደ ውጭ ጣሉት፤ እኛንም ክንዳችንን ይዘው በግቢው ውስጥ በብርዱ ላይ አስቀመጡን። በዚያ ሰዓት ስንሸሸው የነበረው ብርድ መድኃኒታችን ሆነ። እስኪነጋም ድረስ አንድ ጊዜ እያስታወክን አንድ ጊዜ ውሃ እየጠጣን ቆየን።

የቀላ ከሰል ጢስ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በጠባብና በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም፥ ጉሮሮንም አይከረክርም። ከሳምባ ወደ ደም ሲገባ፥ ኦክሲጅን ከሚያዝበት ስፍራ ላይ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ተጣብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። ከወላድ ጋራ፥ ከሕፃናት ጋራ፥ ከሽማግሌዎች ጋራ በአንድ ክፍል ከሰል አስገብተው በር የሚዘጉ ቤቶች በከተሞቻችን ብዙ ናቸው። ልብስ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እሳት ማስገባት ከንቱ መሆኑን ያወቅነው ግን በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ እመቤቲቱ (በአገሩ ልማድ «አደይ» እያልን እንጠራቸው ነበር) ሳይቆጡን ወደ አሮጌው ቤት ወስደው በመደቡ ላይ አስቀመጡን። ከመቀመጣችን በፊት ግን የበግ አጎዛ አነጠፉልን። «ደቀይ፥ ብርድ ከላይ ብቻ ይመጣል ብላችሁ ይሆናል፤ የሚበልጠው ከመቀመጫ ነው» አሉን። ነገሩ እውነት ነው፤ ድንጋይ የሰውን ሙቀት እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ከበታች አጎዛ ወይም ቁርበት ሳይኖር ከላይ ሁለት ጋቢ ቢደርቡ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ከዚያም የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው እንዴት እንደሚለበስ ያሳዩን ጀመር። እኛ ጋቢ መልበስ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በጋቢ ውስጥ ነን። ነገር ግን ከእሳቸው አያያዝ ጋራ ሲተያይ እስከ ዛሬ ጋቢ እንደ ተሸከምን እንጂ እንደ ለበስን አንቈጥረውም።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ነጠላ ስስ ነው፤ ኩታ ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ቡሉኮ ደግሞ ፈትሉ የወፈረ፥ ከሁሉም የከበደ ነው። ሙቀቱ ግን ከጥጡ ብዛት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በእጥፉና በእጥፉ መካከል፥ በፈትሉም ውስጥ ተይዞ የሚቆየው አየር ነው የሚያሞቀው። የቆመ አየር ሙቀትን አያሳልፍምና። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ይልቅ ሁለት ሦስት ቀለል ያሉ ልብሶችን ደርቦ መልበስ ይሻላል፤ ጋቢንም በሰውነት ላይ አጥብቆ ከመጠቅለል ይልቅ ላላ አድርጎ፥ ነገር ግን ነፋስ የሚገባበትን በር ሁሉ ዘግቶ መልበስ ይገባል። በሮቹም አንገት፥ ወገብና ቁርጭምጭሚት ናቸው። አደይ በመጀመሪያ ከገላቸው ቀጥሎ ቀጭን የጥጥ ልብስ፥ በላዩ ቀሚስ፥ በወገባቸው ሰፊ መቀነት ነበራቸው፤ መቀነቱን ዙር በዙር አድርገው ከሆዳቸው ላይ ያስሩታል። ከዚያ ሹራብ፥ ከሹራቡ በላይ ጋቢ ነው። ራሳቸው በሻሽ የታሰረ ነው፤ እግራቸው የሱፍ ካልሲ አለበት። ጋቢውን ከኋላ ወደ ፊት አምጥተው አንዱን ጫፍ በደረታቸው አሻግረው በትከሻቸው ላይ ሲጥሉት አንገታቸው ይዘጋል፤ ሲቀመጡም የታችኛውን ጠርዝ ከእግራቸው ሥር ያጥፉታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሥራቸውን ሳያቋርጡ ነው፤ ጤፍ ሲያበጥሩ እጃቸው ብቻ ይወጣል፤ ምጣድ ዘንድ ሲሄዱ ግን እሳት እንዳይዘው ጋቢውን አውልቀው ይሰቅሉታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የእኩለ ቀን ሥራቸው ነው። በየቀኑ ፀሓይ ሲበረታ የቤቱን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥተው በግንቡ ላይ ያሰጡታል፤ ፀሓይ ከመጥለቋ በፊት ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሞቅ እንዳለ አጣጥፈው ወደ ቤት ያስገቡታል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ከገላው የሚወጣው እርጥበት ወደ ጥጡ ይገባል፤ ጥጥ ደግሞ እርጥበት ሲይዝ አየሩ ይጠፋና ሙቀት አይጠብቅም። እንግዲህ እኛ በአዲስ አበባ ጋቢያችንን ለወር ያህል ከአልጋ ላይ ሳናነሣ ቆይተን «ይህ ጋቢ አርጅቷል፥ አያሞቅም» የምንለው ያላረጀውን ነው። በክረምት፥ ፀሓይ በሌለበት ወራት፥ አደይ ጋቢውን ምጣድ ከወጣ በኋላ በሞቀው ማድ ቤት ውስጥ ከእሳቱ ራቅ አድርገው እንደሚያናፍሱት ነግረውናል።

ስለ ጠጉር ልብስ ጥቂት ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ጠጉር ከጥጥ ይልቅ እርጥበትን ይታገሣል፤ ጥቂት ቢረጥብም ያሞቃል። ስለዚህ ዝናምና ጉም በሚበዛባቸው ደጋዎች የጠጉር ልብስ ለምዶ ኖሯል። የማንዝ ሰዎች ከበጋቸው ጠጉር ባናና ዝተት ይሠራሉ፤ ጥቁሩ በርኖስም፥ በትከሻው ላይ እንደ ቀንድ የወጣው ጫፉ እየታየ፥ የባላገሩም የመኳንንቱም የብርድ ካባ ሆኖ ኖሯል። የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ ሌሊቱን ቅኔውን ሲቈጥር ያድራል። በ1950ዎቹ በደብረ ብርሃን የቆመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም ይህንኑ የደጋውን የጠጉር ሥራ በመኪና ያበዛ ነው። በሮማናት ግን አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ጥጥ ይበቃል፤ ጋቢ በመቀሌ የከበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

የዛሬ ሰው ደግሞ በገበያ የሚገኘውን ልባሽ ሹራብና ከውጭ አገር የሚመጣውን ለስላሳ ብርድ ልብስ ይገዛል። እኛ ይህን አንነቅፍም፤ ዋጋው ለድኃው ቀሎለታል። ብቻ እንዲህ ያለው ልብስ ከጥጥና ከጠጉር ያልተሠራ እንደ ሆነ በእሳት አጠገብ አደገኛ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጠጉር ፈጥኖ አይነድም፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ከገላ ጋራ ይጣበቃል። ስለ አረቄም ባልንጀራችን ጠይቆ ነበር። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ከውስጥ ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ ሙቀቱም በዚያው ይወጣል፤ በኋላ የሚሰማው ብርድ ከፊተኛው ይብሳል። ባልንጀራችን በዚህ ነገር አልተደሰተም።

የመቀሌ ሰው ሙቀትንና ብርድን አስተያይቶ ማወቁ የቆየ ነው። የአርሖ ነጋዴዎች ጨው ለማምጣት ግመላቸውንና በቅሏቸውን እየነዱ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ወደ አፋር ቆላ ይወርዱ ነበር፤ ተመልሰውም አሞሌውን ጭነው ወደዚህ ደጋ ይወጡ ነበር። በአንድ ጕዞ ከእሳት ወደ ውርጭ ማለት ነው። ቆላ ሲወርዱ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጠምጥመው የፀሓይ መከላከያ፥ ደጋ ሲወጡ ለብሰውት የብርድ መከላከያ ያደርጉታል። በ1888 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥርም የኢትዮጵያ ሠራዊት በእንዳ ኢየሱስ የነበረውን የኢጣልያን ምሽግ ከቦ በሰነበተ ጊዜ፥ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ተይዞ ጠላት ምሽጉን እስኪለቅ ድረስ ሠራዊቱ ያደረው በዚሁ በምንናገረው ብርድ ነው። የታሪክ ጸሓፊዎች ስለ ጠመንጃውና ስለ መድፉ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ኩታውና ስለ ጋቢው የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ከአደይ ጋራ በሦስተኛው ምሽት ስለ ጦርነቱ ዓመታት ተነጋገርን። እሳቸው ብዙ መናገር አልወደዱም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት የመቀሌ ሰው ባንክና ስልክ ተቋርጦበት፥ ነዳጅና መድኃኒት ጠፍቶበት ኖሯል፤ ከተማዪቱ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መሥመር ጋራ እንደ ገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ከየአውራጃው የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማዪቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው በሲሚንቶ ወለል ላይ ተኙ። አብዛኞቹ የወጡት በለበሱት ልብስ ብቻ ነበረ። አደይ በዚያን ጊዜ ስድስት ጋቢ እንደ ነበራቸው ነገሩን፤ ሁለቱ ለልጆቻቸው ሰርግ የተሸመኑ፥ አንዱም የሟች ባላቸው ነበረ። ኤሌክትሪክ የለ፥ ከሰልም ተወድዶ አይቀመስ፤ ስለዚህ አራቱን ጋቢ በአቅራቢያው ወዳለው ትምህርት ቤት ወሰዱ። የባላቸውን ጋቢ የሰጡት ሁለት ልጆች ላሏት አንዲት ወጣት እናት ነው። እሷም ታናሹን በማሕዘል ከጀርባዋ አዝላ፥ ታላቁን ከጎኗ አስጠግታ፥ ሦስቱም በአንድ ጋቢ ውስጥ ሲያድሩ አዩአቸው። «ሌሊቱን እየሄድሁ አያቸው ነበር» አሉን፤ «የሕፃኑን እግር እነካለሁ፤ ሞቅ ካለ ተመልሼ እተኛለሁ።»

ይህ የአደይ ልማድ የሐኪሞችም ትምህርት ነው። ሕፃን መንቀጥቀጥ አይችልም፤ ብርዱንም አይናገርም፤ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፥ ደረቱና ሆዱም ከቀዘቀዘ፥ ነገሩ አስጊ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን በእናቱ ገላ ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ፥ በራሱ ላይ ቆብ ተደርጎለት፥ ከላይም ልብስ ተደርቦለት እንዲቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ የእናት ገላ ከማናቸውም ምድጃ ይሻላልና። ለሽማግሌዎችም እንዲሁ ልዩ አሳብ ያስፈልጋል። ሰው ሲያረጅ ብርድ መስማቱ ይቀንሳል፤ «አልበረደኝም» የሚሉ አባት እጃቸው በረዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በቃላቸው ሳይሆን በእጃቸው መፍረድ ነው። አደይ ይህን ለእኛ ሲነግሩን ሠራተኛይቱ ከኋላቸው መጥታ የእሳቸውን እጅ ዳሰሰች፤ አንድ ተጨማሪ ኩታም በጕልበታቸው ላይ ጣለችላቸው። አልተቃወሟትም።

ከዚያች ከመጀመሪያይቱ ሌሊት በኋላ እኛ የተኛነው በአሮጌው ቤት ነው። ማታ ጥሕሎ በልተን፥ ቡና ጠጥተን፥ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ተሞልቶና በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግራችን ሥር ይደረግልናል፤ ምድጃው ግን ቡናው እንዳለቀ ወደ ግቢው ይወጣል። በሁለት ጋቢ ውስጥ፥ ራሳችንን በሻሽ ጠምጥመን፥ ከበታች አጎዛ አድርገን ተኛን። ሌሊቱ ከመጀመሪያው ሌሊት አላነሰም፤ ነፋሱም በቆርቆሮው ላይ ሲያፏጭ እንሰማዋለን፤ እኛ ግን አልበረደንም። ባልንጀራችን አንድ ጊዜ ላብ አስቸግሮት ተነሥቶ ነበር፤ ካፖርቱን ባለማምጣቱ ከዚያ ወዲያ አልተጸጸተም።

በምንመለስበት ዋዜማ ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሄደን ጋቢ ለመግዛት ፈለግን። ለራሳችን አልነበረም፤ ከስድስቱ ሁለት ብቻ ለቀሩበት ቤት አንዱን ለመመለስ ነው። አደይ ነገሩን ሰምተው አብረውን መጡ፤ የተዘጋጀውን ጋቢ ሁሉ በጣታቸው እያሻሹ፥ ወደ ብርሃን እያነሡ አይተው አልወደዱትም። «ይህ ለፎቶግራፍ ነው» አሉ። በመጨረሻ ፈትል መርጠው ገዙ፤ ወደሚያውቁትም ሸማኔ ወሰዱን። ሸማኔው ከጕድጓዱ ሳይወጣ ፈትሉን ተቀብሎ መዘነውና፥ የጥምቀት ሥራ ስለ በዛበት ከጥር 11 በፊት እንደማይደርስ ነገረን። አደይ ግን ጥምቀትን በውጭ አድረው የሚያከብሩት በአዲሱ ጋቢ መሆን እንዳለበት ተከራከሩ። ክርክሩ በትግርኛ ስለ ነበረ ሁሉን አልተከተልነውም፤ ዋጋውን ግን እኛ ከፈልን፤ ሸማኔውም ለከተራ ዋዜማ እንዲያደርስ ተስማማ።